እከኩ ሄዶ ማሳከኩ ሲቀር

በዚህ ወር የማነሣው ነገር ሰው በእንግዳ ፊት ሊናገረው የሚያፍረው ነገር ነው፤ ይኸውም እከክ ነው። ነገር ግን ስለ እከኩ ብቻ ልጽፍ አላሰብሁም። እከኩ በመድኃኒት ከጠፋ በኋላ ለብዙ ቀን ስለሚቆየው ማሳከክ፣ ይህንንም ባለማወቄ እኔ ራሴ በአንድ ሕፃን ላይ ስላደረስሁት በደል ልጽፍ ነው እንጂ።

የማስተምርበት ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ምዕራብ በኩል፣ በኮልፌ ቀራንዮ፣ ቆሼ ከሚባለው ሰፈር አጠገብ ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከ50 ዓመት በላይ የከተማው ጥራጊ ሲደፋበት ከኖረው ኮረብታ ነው። ከተማሪዎቼም መካከል እናት አባቶቻቸው ከዚያ ኮረብታ ላይ ፕላስቲክና ቁርጥራጭ ብረት እየለቀሙ፣ እርሱንም ሸጠው የሚያሳድጓቸው አሉ።

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር፣ ዕድሜው 9 ዓመት የሚሆን አንድ የ3ኛ ክፍል ተማሪ ዘወትር እጁንና ወገቡን ሲያክ አየሁ። ቀርቤ ብመለከት በጣቶቹ መካከልና በእጁ አንጓ ላይ ጥቃቅን ሽፍታ ወጥቶበታል። እናቱን አስጠርቼ፣ «ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ ሳይድን ግን እንዳይመለስ፤ በሌሎቹ ልጆች ላይ ይጋባል» አልኋቸው። እርሳቸውም ውለው ሳያድሩ ወሰዱት። የሚቀባ መድኃኒት ለልጁም ለቤተ ሰቡም ሁሉ ተሰጠ።

በ6ኛው ቀን ልጁ ልብሱ ታጥቦለት፣ ደስ ብሎት ተመለሰ። ነገር ግን ከወንበሩ ላይ ገና ከመቀመጡ ማከክ ጀመረ። እኔም ምን እንደ ተደረገለት ሳልጠይቅ፣ «አንተ ገና አልዳንህም» ብዬ በጓደኞቹ ፊት ደግሜ ወደ ቤቱ ሰደድሁት። ልጁ ምንም አልመለሰልኝም፤ ደብተሩን ሰብስቦ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳይመጣ ቀረ። ነገሩ ቢከብደኝ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየጠየቅሁ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። ቤቱ አንዲት ክፍል ናት፤ አምስት ሰው ያድርባታል። ልጁ ያለ ሸሚዝ ተቀምጦ ነበር፤ ሆዱና ጭኑ እሳት እንደ ነካው ሰው ቀልቶ ተላልጦአል። እናቱም እንዲህ አሉኝ፤ «መምህር፤ እርስዎ አልዳነም ቢሉት መድኃኒቱን በየማታው ቀባሁት። ጠርሙሱ ሲያልቅ ለቤት ኪራይ ካስቀመጥሁት ላይ ሌላ ገዛሁለት። እርሱም አላስተወው ሲል ጎረቤቴ ነጭ ጋዝ ሞክሪ አለችኝ፤ እርሱንም ቀባሁት። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?»

ዕለቱን ሦስታችንም ወደ ጤና ጣቢያው ሄድን። ያየችን ነርስ የልጁን ጣቶች፣ የእጁን አንጓ፣ ብብቱንና እንብርቱን ዙሪያ አንድ በአንድ ከመረመረች በኋላ፣ «እከኩ በመጀመሪያው ጊዜ ጠፍቶአል፤ አዲስ ነገር የለበትም። መጀመሪያ ያሳክከው የነበረው የሞተው ተባይ ርዝራዥ ነው፤ አሁን የሚያሳክከው ደግሞ የመድኃኒቱ ብዛትና ነጩ ጋዝ ያቃጠለው ቆዳ ነው» አለችን። ወደ እኔም ዞር ብላ፣ «መምህር፤ ይህ ልጅ በተቀባ በማግሥቱ ወደ ክፍሉ ሊገባ ይችል ነበር» አለችኝ። እጅግ አፈርሁ።

በቋንቋችን የበሽታው ስምና የስሜቱ ስም ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው፤ እከክ፣ ማከክ፣ ማሳከክ እንላለን። ስለዚህ የሚያሳክክ ነገር እስካለ ድረስ እከኩ ራሱ ያለ ይመስለናል። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። እከኩ አንድ ነገር ነው፤ ማሳከኩ ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛው ከአንደኛው በኋላ ብዙ ቀን ይኖራል።

እከክን የምታመጣው ተባይ የመዥገር ዘመድ፣ ስምንት እግር ያላት፣ ርዝመቷ ከግማሽ ሚሊሜትር የሚያንስ ፍጥረት ናት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1687 ዓ.ም. ሊቮርኖ በተባለችው የኢጣልያ ከተማ ቦኖሞና ቼስቶኒ የተባሉ ሁለት ሰዎች በአጉሊ መነጽር ተመልክተው የበሽታው ምክንያት እርሷ መሆኗን ጻፉ። ሴቲቱ ተባይ በላይኛው የቆዳ ሽፋን ውስጥ እንደ ፍልፈል ጉድጓድ እየማሰች ትገባለች፤ በቀንም ሁለት ወይም ሦስት እንቁላል ትጥላለች። በተለመደው እከክ በአንድ ሰው ገላ ላይ የሚገኙት እናት ተባዮች ከ10 እስከ 15 ቢሆኑ ነው።

እንግዲህ ይህን ያህል ጥቂት ተባይ ሰውን እንዴት ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ይነሣዋል? ለዚህ መልሱን በሚገባ ያሳየው እንግሊዛዊው ኬኔት ሜላንቢ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1941 እ.ኤ.አ.፣ ጦር መሣሪያ አንይዝም ያሉ ሰዎች በሼፊልድ ከተማ በፈቃዳቸው ለምርመራው ራሳቸውን ሰጡ። እከክ ከዚያ በፊት ነክቶት የማያውቅ ሰው ተባዩ በገላው ላይ እየተራባ ሳለ እስከ አንድ ወር ያህል ምንም ማሳከክ አይሰማውም ነበር። ድኖ ሁለተኛ የተያዘው ግን በአንድ ቀን ውስጥ ማሳከክ ጀመረው። ስለዚህ ማሳከኩ ከተባዩ ንክሻ የሚመጣ አይደለም፤ ገላችን የተባዩን አካል፣ እንቁላሉንና ጥራጊውን እንደ ጠላት ለይቶ ካወቀ በኋላ የሚያነሣው ቁጣ ነው።

ይህን ያስተዋለ ሰው ከመድኃኒት በኋላ የሚሆነውን ያለ ችግር ይረዳዋል። መድኃኒቱ ተባዩን ይገድለዋል እንጂ ከቆዳው ውስጥ ጎትቶ አያወጣውም። የሞተው ተባይ፣ ባዶው እንቁላልና ጥራጊው ላይኛው ቆዳ ተራግፎ በአዲስ እስኪተካ ድረስ በዚያው ይቆያል። ገላም እስከዚያ ድረስ ቁጣውን አይተውም፤ ሌባው ከሄደ በኋላ እስኪነጋ ሲጮኽ እንደሚያድር የቤት ውሻ ነው። ይህም አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈጃል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማሳከኩ እንዲያውም ሊብስ ይችላል። በብብት፣ በብሽሽትና በኀፍረተ ሥጋ አካባቢ የሚወጡ ጠጣር እብጠቶች ደግሞ ተባዩ ከጠፋ በኋላም ወራት ሊቆዩ ይችላሉ።

ስለዚህ ለቤት እመቤቶችና ለአባወራዎች የምመክረው ይህ ነው።

አንደኛ፤ መድኃኒቱን ሐኪሙ ባዘዘው ልክና ጊዜ ብቻ መውሰድ ነው። ፐርሜትሪን የተባለው ቅባት ብዙውን ጊዜ ማታ ከአንገት በታች መላው ገላ ተቀብቶ ጠዋት ይታጠባል፤ ከሳምንት በኋላም ይደገማል። ቤንዚል ቤንዞኤት የተባለው ፈሳሽ ኃይለኛ ስለሆነ ለሕፃናት በውኃ ተበርዞ የሚሰጥ ነው። ለጨቅላ ሕፃንና ለነፍሰ ጡር ሴት የድኝ ቅባት ይታዘዛል። አይቨርሜክቲን የተባለው ኪኒን ግን ክብደቱ ከ15 ኪሎ ለሚያንስ ልጅና ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። በሚቀባበት ጊዜ የጣቶች መካከል፣ ጥፍር ሥር፣ እንብርት፣ መቀመጫና የእግር መርገጫ ሊዘለሉ አይገባም፤ ለጨቅላዎች ፊትንና ራስን ጭምር መቀባት ስለሚያስፈልግ አቀባቡን ከሐኪሙ ጠይቆ መረዳት ነው። የታዘዘው ከተፈጸመ በኋላ «ገና ያሳክከዋል» ተብሎ መድገም መድኃኒቱን መርዝ ማድረግ ነው፤ ቆዳው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ይቃጠላል፤ የተቃጠለ ቆዳም ያሳክካል፤ እናትም እከኩ የባሰ መስሏት እንደ ገና ትቀባዋለች።

ሁለተኛ፤ ነጭ ጋዝ፣ ናፍጣ፣ በረኪና፣ የትኋንና የተባይ ማጥፊያ መርዝ በሰው ገላ ላይ ከቶ አይደረግም። እነዚህ ቆዳን ይልጣሉ፤ የሕፃን ቆዳም ስስ ስለሆነ መርዙ ወደ ደም ሊገባ ይችላል።

ሦስተኛ፤ የመጨረሻው መድኃኒት የተወሰደበትን ዕለት በግድግዳ ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት አድርጉበት። እኛ ክርስቲያኖች ቀኑን በየወሩ በምናከብራቸው በዓላት መቁጠር ስለምናውቅ ነገሩ ቀላል ነው። በማርያም ዕለት የተቀባ ሰው እስከሚቀጥለው ወር ማርያም ይታገሥ፤ በሚካኤል የተቀባም እስከ ሚካኤል። ማሳከኩ ከቀን ወደ ቀን እየቀነሰ ከሄደ፣ አዲስ ሽፍታም ካልወጣ፣ ይህ የመዳን መንገድ ነው።

አራተኛ፤ እስከዚያው ድረስ ሕመምተኛውን ዝም ብሎ ማየት አይደለም። ጥፍሩን በአጭሩ ቁረጡለት። በሙቅ ውኃ አትለብልቡት፤ ለብ ባለ ውኃ ታጥቦ ቫዝሊን ይቀባ። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣው ከሆነ ሐኪሙ ማሳከክ የሚያስታግሥ ኪኒን ወይም ለስላሳ ቅባት ያዝለታል። ማከክ ያደማል፤ በደማው ቆዳ በኩልም የሚያመረቅዝ ተሕዋስ ይገባል። ይህም ቁስል በልጆች ላይ አንዳንድ ጊዜ ኩላሊት እስከ መጉዳት ይደርሳል። ስለዚህ ቁስሉ መግል ከያዘ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ፊት ካበጠ ወይም ሽንቱ ከቀላ አንድ ቀን እንኳ መቆየት አይገባም።

አምስተኛ፤ ወደ ሐኪም የሚያስመልሱትን ምልክቶች ማወቅ ይገባል። ከ4 ሳምንት በኋላ ማሳከኩ ሳይቀንስ ቢቀር፣ በጣቶች መካከል ወይም በእጅ አንጓ አዲስ ሽፍታና እንደ ክር የቀጠነ መስመር ቢታይ፣ ወይም በቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው ማከክ ቢጀምር፣ ይህ የቆየው ቅሪት ሳይሆን አዲስ የገባ ተባይ ሊሆን ይችላል። ምናልባትም ሕመሙ ሌላ የቆዳ በሽታ ሊሆን ስለሚችል በግምት መቀባት አይጠቅምም። ከቆሼ ሳይርቅ፣ በዘነበ ወርቅ፣ በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ትምህርት የተቋቋመው አለርት ሌላውንም የቆዳ በሽታ ሁሉ የሚያክም ስለሆነ፣ የጤና ጣቢያው ሐኪም ነገሩ ሲከብደው ወደዚያ ይልካል።

እከክ ተመልሶ የሚመጣበት ዋናው ምክንያት ደግሞ መድኃኒቱ በአንድ ቤት ለሚኖሩ ሁሉ በአንድ ቀን አለመሰጠቱ ነው። የማያሳክከውም ሰው ቢሆን አብሮ መታከም አለበት፤ ቀደም ብለን እንዳየነው፣ አዲስ የተያዘ ሰው እስከ አንድ ወር ሳይሰማው ሊቆይ ይችላልና። ማታ ብቻ እየመጣ የሚያድረው የቀን ሠራተኛ ወንድም፣ ከገጠር የመጣችው ዘመድ፣ ሕፃኑን የምታዝለው ሞግዚት፣ ሁሉም ይቆጠሩ። አገራችን «እከክልኝ ልከክልህ» ስትል የጥቅም መተባበርን ትነቅፍበታለች፤ እዚህ ላይ ግን አንዱ ላንዱ ጀርባውን መድኃኒት ቢቀባለት መተባበሩ የተመሰገነ ነው። ልብሱና አንሶላው በሙቅ ውኃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። የማይታጠበው ነገር በላስቲክ ከረጢት ታስሮ አንድ ሳምንት ይቀመጥ፤ ተባዩ ከሰው ገላ ተለይቶ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን የበለጠ ብዙም አይኖርም።

አሁን ደግሞ ስለ ኀፍረቱ ጥቂት ልበል። ልጁን ሁለተኛ ጊዜ ስመልሰው በልቤ ያደረው ሐሳብ፣ «የቆሼ ልጅ ነው፤ ከዚያ ቆሻሻ መካከል ምን ንጽሕና ይገኛል?» የሚል እንደ ነበረ ለአንባቢዎቼ አልሸሽግም። ይህም ሐሳብ ሐሰት ነበር። ሜላንቢ ፈቃደኞቹን እከክ የያዛቸው ወታደሮች የለበሱትን የውስጥ ልብስ ሳይታጠብ አስለብሶ፣ በተኙበትም ብርድ ልብስ ውስጥ አስተኝቶ ሲመረምር ከእጅግ ጥቂቶቹ በቀር አልያዛቸውም። ተባዩ የሚተላለፈው ገላ ከገላ ጋር ለብዙ ጊዜ ሲነካካ ነው፤ አንድ አልጋ ላይ በመተኛት፣ ልጅን በማቀፍ፣ ሕመምተኛን በማስታመም ነው። ለሰላምታ እጅ መጨባበጥ አብዛኛውን ጊዜ አያስተላልፈውም። እንግዲህ የአምስቱን ሰዎች ገላ ያቀራረበው የቤቱ ጥበትና የብርድ ልብሱ ማነስ ነው እንጂ የኮረብታው ጥራጊ አይደለም። ሀብታሙም ሰው በሞቀ አልጋው ላይ ሊያገኘው ይችላል።

የቆሼን ሕዝብ አገሩ ሁሉ የሚያውቀው በመጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በደረሰው መከራ ነው፤ በዚያ ቅዳሜ ማታ የጥራጊው ኮረብታ ተንዶ በሥሩ በነበሩት ቤቶች ላይ ወደቀና ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ይህን ያህል ኀዘን ለተሸከመ ሰፈር እኛ ደግሞ በላዩ ላይ «የእከክ ሰፈር» የሚል ስም ልንጨምርበት አይገባም። እከክም የቆሼ ብቻ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ በአማራ ክልል በ68 ወረዳዎች ቤት ለቤት በተደረገው ምርመራ፣ ከታየው ሕዝብ ሲሶ ያህሉ እከክ ይዞት ተገኝቶ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2017 እ.ኤ.አ. እከክን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር አገር በሽታዎች አንዱ አድርጎ መዘገበው።

ይህን ሁሉ ከሰው ሁሉ ይልቅ እኔ ማወቅ ይገባኝ ነበር። በልጅነቴ በጎጃም የቆሎ ተማሪ ሳለሁ፣ በአንዲት ጎጆ ስምንት ሆነን፣ ደበሎአችንን ደራርበን እንተኛ ነበርና እከክ ያዘን። የኔታ ድኝ አስመጥተው በቅቤ ለውሰን እንድንቀባ አዘዙን፤ ተቀባን። ነገር ግን ከሳምንት በኋላም ማሳከኩ ስላልተወን፣ «ከመካከላችን አንዱ አልዳነም፤ እርሱ እየመለሰብን ነው» ተባባልን። ከሁላችን የሚያንሰውን፣ ገላው ቶሎ የሚቆስለውንም ልጅ ለይተን ደጃፍ አጠገብ ለብቻው እንዲተኛ አደረግነው። ወሩ ሲሞላ ሁላችንም ማከክ ተውን፤ እርሱም ተወ። በዚያ ብርድ ብቻውን ያደረባቸውን ሌሊቶች ግን ማንም ይቅርታ አልጠየቀበትም። እኔም ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ የመምህርነት ወንበር ይዤ፣ ያንኑ ሥራ ደገምሁት።

ተማሪዬ ቆዳው ለስላሳ ቅባት ታዝዞለት፣ ነጩም ጋዝ ቀርቶለት፣ በኅዳር መጨረሻ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። እናቱን በቤታቸው ተገኝቼ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ እርሳቸውም፣ «ባለማወቅ ነው፤ እኔም እርስዎም ለልጁ ብለን ነው» አሉኝ። ልጁን ግን በተማሪዎቹ ፊት መልሼው ነበርና ይቅርታውንም የጠየቅሁት በእነርሱ ፊት ነው። ያመለጠውን ትምህርት እስከ ገና ድረስ ከሰዓት በኋላ እያስቀረሁ አስጠናሁት። ዛሬ በትምህርት ቤታችን ደንቡ እንዲህ ሆኖአል፤ እከክ የታየበት ልጅ መድኃኒቱን የወሰደበትን ዕለት የሚገልጽ ወረቀት ከጤና ጣቢያ ይዞ ሲመጣ በማግሥቱ ክፍሉ ይገባል። ለአንድ ወር ቢያክም ማንም «አልዳንህም» አይለውም፤ እኛ መምህራን ማሳከኩ እየቀነሰ መሄዱን ብቻ እንከታተላለን።

አበው በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ እውነት ነው። ይሁን እንጂ በሽታውን ገልጦ መድኃኒት የወሰደውን ሰው ደግሞ ጥቂት ቀን መታገሥ የእኛ የጤነኞቹ ግዴታ ነው። በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ከእከክ ታክሞ ገና የሚያክ ልጅ ቢኖር፣ እናቱ ሌላ ጠርሙስ ለመግዛት ከመሄዷ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቋት፤ «መድኃኒቱን የጨረሰው መቼ ነው?» ወር ካልሞላው ቆጥራችሁ ቀኑን ንገሩአት፤ ከሞላውም ወደ ሐኪም አብራችኋት ሂዱ።